«ጋሼ፣ አሁንስ?» — ለአንድ የደሴ አባት ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የደሴ አባት የጻፈውን ጽሑፍ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስቱም «አንቺ የሥነ ዜጋ አስተማሪ አይደለሽ፣ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። አነበብኩት። አድሬም ደገምኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከክፍል ወጥቶ ለድጋፍ ሰልፍ ተወስዷል። አባት ይህን የሰማው ማታ ልጁ ፊቱ በፀሐይ ነዶ፣ በባዶ ሆዱ ቤት ሲገባ ነው። ማንም አላስፈቀደውም፣ ማንም አልነገረውም። መናደዱ አይገርመኝም። እኔም እናት ነኝ፣ በእኔ ልጅ ቢሆን ከእሱ ያነሰ አልናደድም ነበር።

ግን ከዚያ ንዴት ተነስቶ የደረሰበት ቦታ ልክ አልመሰለኝም። አራት ነገር ይላል። ልጆችን በፖለቲካ መበከል ያመጣው ደርግ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ትምህርት ብቻ ነበር ይላል። በዓለምም ቢሆን ይህ የኮሚኒስትና የፋሺስት አገር በሽታ ነው ይላል። ልጅ ነጭ ወረቀት ነው፣ የጻፉበትን ይሆናል ይላል። ስለዚህ የዜግነት ትምህርት ከነአካቴው ይውጣ፣ አስተማሪም ስለ አገር ጉዳይ አፉን ይዝጋ ብሎ ይጨርሳል።

ወንድሜ፣ በዕድሜ የምበልጥህ ይመስለኛልና አንተ እያልኩ ልጻፍልህ፣ አይክፋህ። ኮምቦልቻ ነው የማስተምረው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ቀርቶኛል። የምልህን ሁሉ የምልህ ልጅህን እንደ ልጄ አይቼ ነው።

ከጃንሆይ እንጀምር።

ታላቅ ወንድሜ የተማረበት መጽሐፍ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ቅጠል ተቀዶ ነበር። ምን ነበረበት ብዬ ጠየቅኩት። «ጃንሆይ ነበሩበት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ትምህርት ብቻ ነበር በምትለው ዘመን ገና ሀ ሁ ከመባሉ በፊት መጀመሪያ የሚታየው የንጉሡ ፊት ነው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንጉሡ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ዘር መሆናቸውን፣ አካላቸው ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ክፍል ውስጥ ሲገባ ታሪክ ተብሎ ነው የገባው። ጥቅምት 23 ዘውድ የጫኑበት ቀን ነው ተብሎ ተማሪ ይሰለፋል፣ ሐምሌ 16 ልደታቸው ነው ተብሎ ይዘመራል። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ፖለቲካ ምንድን ነው?

ደግሞ የወሎ ሰው ሆነህ ይህን እንዴት ዘለልከው? አባቴ የሸኽ ልጅ ነው፣ እናቴ የደብተራ ልጅ ናት፣ እኛ ጋ ይህ ብርቅ አይደለም። አባቴ አስኳላ የገባው በጃንሆይ ጊዜ ነው። በተማረው ታሪክ ውስጥ የእስላም ልጅ ራሱን የሚያገኘው የግራኝ ወረራ ምዕራፍ ላይ ብቻ እንደነበር እስኪሞት ድረስ ይነግረን ነበር። ክፍል ውስጥ እዚያ ምዕራፍ ሲደረስ አንገቱን ይደፋ ነበር። የኢድ በዓሎች የአገር በዓል ሆነው የተዘጋላቸው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው። ልጅ እያለ አባቴ በኢድ ቀን ክፍል መግባትና ቀርቶ መቀጣት ከሁለት አንዱን ይመርጥ ነበር። ይህም ያስተምራል፣ ያውም ከመጽሐፍ ይልቅ። ወደ ኋላ ልሂድ ካልክ ቦሩ ሜዳ ከደሴ አፍንጫ ሥር ነው። በ1870 አፄ ዮሐንስ የወሎን ባላባቶች እዚያ ጠርተው ነው ሃይማኖታችሁን ቀይሩ ያሉት፣ መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ሆነው የወጡት ከዚያ ነው። በጣሊያን አምስት ዓመትም ለአገሬው ልጅ በተከፈተው ትምህርት ቤት የፋሺስት ሰላምታ እጅ እየዘረጉ ይለማመዱ ነበር። ምን እንደምናምን መንግሥት ሲነግረን ደርግ የመጀመሪያው አልነበረም።

ደርግን ለመከላከል አይደለም ይህን የምልህ። ደርግ ያደረገውን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

የተወለድኩት በ66 ነው። ወሎ ውስጥ በ66 መወለድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አላስረዳም። በ1977 አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ሐይቅ አካባቢ። የ76 ክረምት ትምህርት ተዘግቶም ለሰልፍ ልምምድ እንጠራ ነበር። መስከረም 2 ቀን የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነው፣ የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ የሚመሠረትበት ነው፣ እንድንደምቅ ተባልን። ከላይ ከቆቦ፣ ከላስታ፣ ከዋግ የወረደው ሰው አስፋልቱ ዳር ተኝቷል። እኛ በመካከሉ መፈክር እያልን እናልፋለን። ከአጠገቤ የምትሰለፈው ልጅ ሁለት ቀን ወደቀች። በሦስተኛው ቀን አልመጣችም። ስሟን ከስም ጥሪው ላይ ሲሰርዙት አይቻለሁ።

በዓሉ አለፈና ትምህርት ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ምን ነበር መሰለህ፣ የ66ቱ ረሃብ። ንጉሡ እንዴት እንደደበቁት። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ፊልም አንስቶ በጥቅምት 1966 ዓለም እንዴት እንዳየው። ንጉሡ በወረዱበት ዋዜማ ያ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድግስ ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን እንዴት እንደታየ። አስተማሪያችን ጥሩ አድርጎ ነው ያስተማረን፣ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሲጨርስ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ አሁንስ?»

ይኸው ነው ያለው። ተንኮል አልነበረበትም። በመስኮቱ የሚታየውን ነው የጠየቀው። አስተማሪው ቾኩን እንደያዘ ቆመ፣ ከዚያ «ተቀመጥ» አለው። በነጋታው ልጁ ቢሮ ተጠራ፣ አባቱም ቀበሌ ተጠሩ። ልጁ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ፣ ግን ዓመቱን ሙሉ እጁን አላወጣም። እኛም አላወጣንም። ኮረም ላይ የተነሳው ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለም የጮኸው ጥቅምት 13 ነው። ከበዓሉ 41 ቀን በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ግን ከዓለም በፊት እናውቅ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ብቻ አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ አስተማሪ ሆኜ የ77ቱን ረሃብ አስተማርኩ፣ ደርግ እንዴት እንደደበቀው። እያንዳንዱ መንግሥት የሚያስተምረው ያለፈውን መንግሥት ረሃብ ነው። የራሱን የሚያስተምር አላየሁም። ስለዚህ መጽሐፉ ውሸት ነው ወይስ እውነት ብቻ ብለህ ብትመዝን አትደርስበትም። የኔ አስተማሪ እውነት ነበር ያስተማረው። የተበላሸው ልጁ «አሁንስ?» ሲል ነው።

ሁለተኛውን በአጭሩ ልለፈው። በሽታው የኮሚኒስትና የፋሺስት ብቻ ነው ብለሃል። ደቡብ አፍሪካ ኮሚኒስት አልነበረችም፣ ፓርላማና ምርጫም ነበራት፣ ለነጭ ብቻ ቢሆንም። ግን በ1953 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ ጥቁር ልጅ ለጉልበት ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲማር ወሰነች። አሜሪካም ልጆች ጠዋት ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ቃል እንዲገቡ ታደርግ ነበር፣ እስከ 1942 በፈረንጆች ድረስ እጅ የሚዘረጋው ልክ እንደ ናዚዎች ነበር። የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ሃይማኖታችን አይፈቅድም ስላሉ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማስገደድ ይቻላል አለ። በ1943፣ ያውም ጦርነት ላይ እያሉ፣ ያንኑ ሽሮ ልጅን ማስገደድ አይቻልም ብሎ ፈረደ። ዴሞክራሲው ልጆችን ከመጫን አላዳናቸውም። ያዳናቸው የተባረረ ልጅ ወላጅ ከሶ የሚረታበት ቦታ መኖሩ ነው። አንተ ልጅህ ሰልፍ ሲወሰድ የት ሄደህ አመለከትክ? ወመህ፣ የወላጅና የመምህራን ኅብረቱ፣ ውስጥ ነገሩ ተነሳ? እዚህ ላይ ብትጽፍ ኖሮ አብሬህ እፈርም ነበር።

ሦስተኛው ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ እንደ አንተ ያስባል። ልጅ ነጭ ወረቀት አይደለም፣ ወንድሜ። ሃያ ስምንት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነጭ ወረቀት የሆነ ልጅ አላጋጠመኝም። እንደዚያ ቢሆንማ ጃንሆይን የሚወድ ትውልድ ነበር የሚወጣው። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት በጃንሆይ ትምህርት ቤት፣ የጃንሆይን ፎቶ እያዩ ያደጉ ናቸው። የተማሪው ንቅናቄ ሰው ዋለልኝ መኮንን ከዚሁ ከደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ነው የሄደው። በኅዳር 1962 የጻፈውን የብሔረሰቦች ጽሑፍ ተስማማህበትም አልተስማማህበትም፣ ትምህርት ቤቱ የጻፈበትን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የደርግ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በቃላችን የወጣን ልጆች ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ከአፈሳ ገደል ለገደል እንሮጥ ነበር፣ የተያዙትም ከግንባር ይጠፉ ነበር።

እናቴን ልንገርህ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋ የተሰጠ ነው፣ ከዩኔስኮም ተሸልሟል። ማስተማሪያውም አብዮት አብዮት ይሸት ነበር፣ ይህን ማንም አይክደውም። እናቴ ከዚያ ሁሉ መፈክር አንዱንም ይዛ አልቀረችም። ፊደሉን ግን ይዛ ቀረች። በ77 የእርዳታ እህል ለመቀበል ስትሰለፍ ካርዷ ላይ 15 ኪሎ ይላል፣ የተሰፈረላት ግን ጎዶሎ ነው። ከሰልፉ ያነበበችው እሷ ብቻ ናት። «እዚህ 15 ይላል» አለች። ሰፋሪው ማን አስተማረሽ አላት። «መንግሥት» አለችው። ሞላላት። የኋላዎቹም ካርዳቸውን ይዘው እሷ ጋ መጡ፣ ቀኑን ሙሉ ለሌላው ስታነብ ዋለች። መንግሥት ፊደሉን የሰጣት ለዚህ አልነበረም። ሰው የተሰጠውን ወስዶ የራሱን ነገር ይሠራበታል።

ልጅ አይጎዳም ማለቴ ግን አይደለም፣ እንዲህ ብዬ አላታልልህም። ነሐሴ 1966 በፈረንጆች ቤጂንግ ውስጥ የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምክትል ርዕሰ መምህርታቸውን ደብድበው ገደሉ። የአሥራ ምናምን ዓመት ልጆች ናቸው። እኛም ቀይ ሽብርን አይተናል፣ ገዳዩም ሟቹም ተማሪ ነበር። እንዲህ ያለው የሚመጣው ልጅ ባዶ ስለሆነ አይመስለኝም። ቆይ እስቲ የሚል ሰው ከክፍልም ከቤትም ሲጠፋ ነው። አስተማሪው ይፈራል፣ ወላጅ ይፈራል፣ ልጁ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ነው ብለህ ካመንክ መፍትሔህም ወረቀቱን ከሌላ ጸሐፊ መደበቅ ይሆናል፣ አራተኛው ነጥብህ ላይ የወሰደህም ይኸው ነው።

የዜግነት ትምህርት ይውጣ፣ አስተማሪ ዝም ይበል።

መጀመሪያ እውነትህን ልስጥህ። ከአሁኑ በፊት የነበረው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ አሥራ አንድ እሴቶች ነበሩት። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር መውደድ፣ ታታሪነት፣ ቁጠባ እያለ ይሄዳል። የማልስማማበት አንድም የለም። በዚያው ጊዜ ግን ተማሪዎችን አንድ ለአምስት አደራጁ ተባልን። ጎበዝ ተማሪ ሌሎቹን እንዲያግዝ ነው ተባለ። ያገዘም አለ፣ አልዋሽም። በወሩ መጨረሻ የምንሞላው ቅጽ ላይ ግን የተማሪው አመለካከት የሚል ቦታ ነበረው። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት አንድ ሰሞን በግምገማ ላይ «የአመለካከት ችግር ያለባቸውን ተማሪዎች ለምን አላመጣሽም?» ተባልኩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው። ጠዋት ንቁ ተሳትፎ የሚለውን ምዕራፍ አስተምሬ ከሰዓት የተሳተፈውን ልጅ ስም እንድጽፍ ነው የተጠየቅኩት። ባዶውን መለስኩት፣ ዋጋም አስከፍሎኛል፣ ግን ስለ እኔ አይደለም የምጽፈው።

ፈተናውንም አስበው። ቾይዝ ነው። የዴሞክራሲ ትርጉም «ለ» ነው ተብሎ ይታረማል። ልጁ ለምን «ለ» ሆነ ብሎ የሚጽፍበት መስመር የለም። እና ልጅህ መቶ ከመቶ አምጥቶ ምንም አለማመኑ ይገርምሃል?

አሁን ትምህርቱ ወጣ እንበል። ፖለቲካው ይወጣል? በናዚ ጀርመን የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የነበረውን ልንገርህ። አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ለመንግሥት በቀን ይህን ያህል ገንዘብ ያስወጣል፣ በዚህ ገንዘብ ለጤነኛ ቤተሰብ ስንት ቤት ይሠራል፣ አስሉ ይላል። ማካፈል ነው የሚያስተምረው። ልጁ መልሱን ሲያገኝ ሌላም ነገር አብሮ ይገባዋል፣ ከዚያ እነዚያ ሕመምተኞች በሺህ የሚቆጠሩ ተገደሉ። ፖለቲካ በሒሳብ ይገባል፣ በሰልፍ ይገባል፣ በሚኒ ሚዲያ ይገባል፣ በማን ሥዕል ግድግዳ ላይ መሰቀል ይገባል። የምታስወጣው እሱን የሚያዩበትን ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው።

ጀርመኖች ራሳቸው ከዚያ ሁሉ በኋላ ዝም እንበል አላሉም። በ1976 በፈረንጆች የፖለቲካ ትምህርት ሰዎች ቦይተልስባኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰብስበው ሦስት ነገር ላይ ተስማሙ። አስተማሪ ሐሳቡን ተማሪ ላይ አይጫን። አዋቂዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ክፍል ውስጥም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቅረብ። ተማሪው የራሱን ጥቅምና የራሱን ቦታ መርምሮ የሚቆምበትን ይወቅ። በቃ። ስብሰባው ላይ ቀኙም ግራውም ነበሩ፣ እርስ በርስ የማይዋደዱ።

ይህን ሳነብ ፈረንጅ ፈረንጅ አልሸተተኝም። የአባቴ አባት ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ ማለት ነው፣ ሲያቀሩ ያደርጉት የነበረው ነው። ከእስልምና የሕግ መንገዶች ወሎ ውስጥ ሻፊዒውም አለ፣ ሐነፊውም አለ። ጥሩ ሸኽ አንዱን መስአላ፣ አንዱን ጥያቄ፣ ሲያስቀራ እነዚህ እንዲህ አሉ፣ እነዚያ እንዲያ አሉ፣ ደሊላቸው፣ ማስረጃቸው፣ ይህ ነው ብሎ ነው። የእናቴ አባት ደግሞ የቅኔ ሰው ነበሩ። ቅኔ ቤት የትናንቱን ደግመህ መምህሩ ፊት ብትቆም ተማሪ አትባልም። የራስህን ቆጥረህ ነው የምትነግረው። መምህሩ ያርምሃል፣ ይነቅፍሃል፣ ግን ያንተ ነው የሚታረመው። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች የልጅ ልጃቸው አስኳላ ውስጥ «ለ» አክብብ እየተባለች ማደጓን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ዝምታው ራሱ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በቅርቡ አይቼዋለሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ከወጣ በኋላ ትምህርት ስንከፍት መስኮት የለም፣ ወንበር የለም፣ መጽሐፍ የለም። ልጆቹ አሉ፣ የጎደሉም አሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጦርነቱን ማን ጀመረው?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ባንተ ሐሳብ ብሄድ ያን ጊዜ ምን ልበላት? ተቀመጪ? እኔ ይህን ቃል አራተኛ ክፍል ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እጄ ተንቀጥቅጧል። ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ከፈልኩት። በአንዱ ቤት የሰማችሁትን፣ በአንዱ ከሬዲዮና ከስልክ የሰማችሁትን፣ በአንዱ በዓይናችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ አልኳቸው። ሁለቱ በደቂቃ ሞሉ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ «እኔ ያየሁት የጎረቤታችንን በር ሲሰብሩ ነው» አለ፣ ሌላዋ «እኔ ምድር ቤት ነበርኩ፣ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት» አለች። ጻፍኩት። በሁለተኛው ቦታ ከተጻፈው ውስጥ እርስ በርሱ የሚጣላ ነበር፣ ራሳቸው አገኙት። ማን እንደሆነ የነገረን፣ ከየት እንዳወቀ፣ ምን ብናገኝ ሐሳባችንን እንደምንቀይር ተነጋገርን። ልጅቷ የጠየቀችው በዚያ ቀን አልተመለሰም። ተሳስተን ይሆናል፣ የኔም አድልዎ ገብቶ ይሆናል፣ ሰው ነኝ። ሲደወል ግን የወጣ ተማሪ አልነበረም።

የልጅህን ጉዳይ አንተ ራስህ ጻፍበት፣ ለትምህርት ቤቱ በደብዳቤ፣ ግልባጩን ለወረዳው። ልጄ ያለእኔ ፈቃድ ከክፍል አይወጣም በል። ሌሎች ወላጆችም ይፈርማሉ፣ እኔም ከኮምቦልቻ መጥቼ እፈርማለሁ። ግን የዜግነቱን ክፍለ ጊዜ ተውላቸው። ደግሞ ሰልፉ የምን እንደነበረ፣ እዚያ የተባለው ትክክል ይመስለው እንደሆነ ልጅህን ጠይቀኸዋል? ጽሑፍህ ውስጥ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ካላመንከኝ አንድ ሐሙስ ይዘኸው ና፣ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ፣ ከኋላ ወንበር አለ።